ስለ ፊታውራሪ አባ ቦራ ሰባት ምሽጎች የቀረበ ምስጋና

ቀን፦ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቁጥር፦ የመጀመሪያዬ ስለሆነ አንድ ይባልልኝ

ለክቡር ዶክተር ዘሥላሴ
የታሪክ ትምህርት ክፍል ኃላፊ
(የዩኒቨርሲቲውን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ፤ ከእኛ አገር በአውቶቡስ ሁለት ቀን እንደሚርቅ ብቻ ይታወቅልኝ።)

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄን ስለ ጣላችሁልኝ ላመሰግናችሁ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎ እንደ ግርጌ ማስታወሻዎ የረዘመ፣ ጉልበትዎም ዳገት ወጥቶ ከማያውቅ ሰው እንደሚጠበቀው ሁሉ ያልተነካ ይሁን እያልኩ፣ ከአንኮበር አፋፍ ላይ ሆኜ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እነሣለሁ። የእኛን ደኅንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ባይጠይቁም ግድ የለም፣ ሳንጠየቅ መናገር ልማዳችን ነው፤ ብርዱ እንዳለ ነው፣ ጭጋጉም እንዳለ ነው፣ እኔም እንዳለሁ ነኝ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለትምህርት ክፍልዎ መልካም ዜና እንዳልሆነ ደብዳቤውን ሲጨርሱ ይረዱታል።

ስሜ ገብረአማኑኤል ወርቅአገኘሁ ይባላል። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። በልጅነቴ ድቁና ተቀብያለሁ፤ ቅስናው ግን አልደረሰኝም፤ መምህሬ «አንተ ልጅ፣ ሰው ኃጢአቱን ሲነግርህ ሳቅህን አፍነህ የምታሰናብት ነህ» ብለው ተስፋ ቆርጠውብኛል። ይህን የምነግርዎ ማንነቴን አውቀው እንዲያነቡኝ ነው። እናንተ ዘንድ የመረጃ ሰጪው ጠባይ አስቀድሞ ይመዘናል ሲሉ ሰምቻለሁና፣ ለምዘናው እንዲቀልልዎ ብዬ ነው።

ሠናይት የልጄ ልጅ ናት። መንግሥት መድቧት እናንተ ዘንድ ታሪክ ስታጠና አራት ዓመት ቆይታለች። የመጀመሪያው ክረምት ስትመለስ «ምን ምን ትማሪያለሽ?» ብላት «የማኅበረሰብ ታሪክ፣ የጦር ታሪክ፣ የነገሥታት ታሪክ» አለችኝ። «ሦስቱንም አንድ ላይ?» ብላት «አባባ፣ ለየብቻ ከተማሯቸው ሦስቱም ይዋሻሉ» አለች። ያን ጊዜ ገና አንደኛ ዓመት ስለ ነበረች፣ ይህን እናንተ እንዳላስተማራችኋት እርግጠኛ ነኝ።

የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በእኛው ዳገት ላይ ነው። ከአሊዩ አምባ ገበያ ተነሥቶ አንኮበር የሚያወጣውን መንገድ ከላይ ሆነው አይተውት ይሆናል። በዘመቻ ጊዜ ለጦሩ ስንቅ የሚሆነውን ጨውና ማሽላ በዚያ ዳገት ያወጡት ሴቶች ናቸው፤ ከቆላው ሙስሊሞቹ፣ ከደጋው ክርስቲያኖቹ። በቅሎ ለጌታ፣ አህያ ለነጋዴ፣ ጀርባ ለድኻ የሚባልበት ዘመን ነበር። መንገዱ ዳር ሰባት የድንጋይ ክምሮች አሉ፤ እኛ ማውረጃ እንላቸዋለን። ሸክም ያዘለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትጠጋና ሸክሟን ከድንጋዩ ላይ ታሳርፋለች፤ ትንፋሿ ሲመለስ ገመዷን ሳብ አድርጋ ትነሣለች። መሬት ላይ ብታወርደው ማን ያነሣላታል? ሠናይት አሥራ አራት ሽማግሌና አሮጊት ጠይቃ፣ ሰባቱንም ማውረጃ በሜትር ለክታ፣ «ጦሩን ያዘለ ጀርባ» የሚል ጽሑፍ ይዛላችሁ መጣች።

እናንተም ሦስት ትእዛዝ ሰጥታችሁ መለሳችኋት። ድንጋዮቹ ማውረጃ ሳይሆኑ ምሽግ ናቸው ብለሽ አስተካክዪ። ሴቶቹን ወደ ግርጌ ማስታወሻ አውርጂ። ምሽጎቹን ላሠራው ለፊታውራሪ አባ ቦራ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ስጪ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላስተካከለች አትመረቅም። ቀኑን ስቆጥረው አሥራ አንድ ቀርቶታል፤ ስለዚህ ምስጋናዬን ቶሎ ቶሎ ልደርድር።

አንደኛ። በፈተናው ቀን ስላሳያችሁት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ከመረጃ ሰጪዎቿ አንዷ የአሊዩ አምባዋ ወይዘሮ ሰሊሃ ናቸው፤ ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፣ እናታቸውም አያታቸውም በዚያ ዳገት ላይ ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። ክቡርነትዎ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው «እኒህ ሰሊሃ የተባሉት፣ የትምህርት ደረጃቸው ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ልጄ «ጀርባቸው ነው ዶክተር» ብላ መለሰች። ይህን መልስ በሥነ ሥርዓት ጉድለት እንደ መዘገባችሁባት ሰምቼ በጣም ተደስቻለሁ፤ ከቤተሰባችን በጽሑፍ የተመዘገበ የመጀመሪያው እውነት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ወይዘሮ ሰሊሃ ለልጄ አንድ ግጥም ሰጥተዋታል። ሴቶቹ ሸክማቸውን አሳርፈው ትንፋሽ ሲሰበስቡ የሚሉት ነው፤

ጦር የያዘውን ሰው አዝማሪ ያውቀዋል፣
ስንቁን ያዘልኩትን ድንጋዩ ያውቀኛል።

ከዚህ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ?» ብላችሁ ጽፋችኋል። ምንጩማ ከግጥሙ ውስጥ አለ፤ ድንጋዩ ነው። ቆሞ እየጠበቃችሁ ነው።

ሁለተኛ። በየዓመቱ ተማሪዎቻችሁን በአውቶቡስ ጭናችሁ ወደ አንኮበር ስለምታመጡልን አመሰግናለሁ። አመጣጣችሁን ዐሥር ዓመት ሙሉ ከደጄ ላይ ተቀምጬ አጥንቼዋለሁ፤ እኔም በበኩሌ ተመራማሪ ነኝ። አውቶቡሱ አፋፉ ላይ ይቆማል። ክቡርነትዎ ይወርዳሉ፤ ከአውቶቡሱ ማለቴ ነው፣ ከገደሉ አይደለም። ጣትዎን ወደ ታች ዘርግተው «እነዚያ ሰባቱ ምሽጎች ናቸው» ይላሉ። ተማሪው ፎቶ ይነሣል፣ ምሳ ይበላል፣ ይሄዳል። ያቆማችሁት ሰሌዳም ደኅና ነው፤ «የፊታውራሪ አባ ቦራ ምሽጎች» የሚለው ጽሑፍ ፍየሎች ስለሚታከኩበት «የፊታውራሪ» የሚለው ቃል እየለቀቀ ነው። ፍየሎቹ እርማቱን ከእናንተ ቀድመው ጀምረዋል።

አንድ ቀን እንኳ ወርደው ቢሆን ኖሮ፣ የልጅ ልጄ በሜትር ያገኘችውን በዓይንዎ ያገኙት ነበር። ከሰባቱ ክምሮች ከአንዱ ኋላ ተኩስ የሚያስጥል ከለላ ሊያገኝ የሚችል ወታደር የለም፤ ጠቦት ካልሆነ። ቁመታቸው ሁሉ እኩል ነው፤ ያጎነበሰች ሴት ጀርባ በሚደርስበት ልክ። የላይኛው ጠርዝ እንደ ወፍጮ መጅ ልሟል። ደግሞ ከታች ሲጀመር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ርቀት ረጅም ነው፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እያጠረ ሄዶ፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። ምሽግ የሚሠራ የጦር አለቃ ርቀቱን በጥይት ይለካዋል። ይህን የለካው ትንፋሽ ነው። ልጄ ይህን በሠንጠረዥ አድርጋ በገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ገጹን እንዳልገለጣችሁት የማውቀው ያ ገጽ ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስለሌለበት ነው።

ሦስተኛ። አሁን ወደ ታላቁ ሰው እንምጣ። ነፍሳቸውን ይማርና የእርስዎ መምህር ዶክተር ተስፋሚካኤል የጻፉት መጽሐፍ በትምህርት ክፍልዎ ውስጥ እንደ ዳዊት ይደገማል አሉ። ክቡርነትዎም የዶክትሬት ጽሑፍዎን የሠሩት በዚያ መጽሐፍ ምዕራፍ አራት ላይ፣ ማለትም በፊታውራሪ አባ ቦራ ላይ ነው። የማዕረግ ስምዎ ከዚያ ሰው እንደ መጣ ሳውቅ፣ እውነቴን ነው፣ ለሁለታችሁም አዘንኩ።

ልጄ ትእዛዛችሁን ይዛ ወደ ቤት ስትመጣ መጽሐፉንም ይዛው መጣች። ዐይኔ ስለ ደከመ እሷ እያነበበች እኔ ሰማሁ። መጽሐፉ እንዲህ ይላል። ፊታውራሪ አባ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ጠባሳ ያለበት፣ ቁመቱ የሚያምር፣ በግትርነቱ የታወቀ፣ ከኋላው የመጣበትን ፈጽሞ የማይምር ነበር። በአንድ ቀን ከአሊዩ አምባ አንኮበር ሁለት ጊዜ ይመላለስ ነበር። አላገባም፣ ልጅም አልወለደም። በመስከረም ወር በባቄላ ማሳ ላይ ወደቀ። ክቡርነትዎ ደግሞ ከዚህ ላይ ጨምረው፣ ጠባሳው የጎራዴ መሆኑን፣ ዘር ያልተካውም ራሱን ለአገሩ ስለ ሰጠ መሆኑን፣ የባቄላ ማሳው ውጊያም ከዘመኑ ወሳኝ ውጊያዎች አንዱ መሆኑን በስልሳ ገጽ አብራርተዋል።

እስከ ጠባሳው ድረስ ዝም ብዬ ሰማሁ። «ልጅ አልወለደም» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቅ አመለጠኝ። «ከኋላው የመጣበትን» ስትል ትን አለኝ። ሠናይት የታመምኩ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ቦራ በቅሎ ነበር።

የአባቴ በቅሎ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስለ ነበረበት ቦራ አልነው። ግትር ነበር፤ ከኋላው የመጣበትን በእርግጫ ያነሣ ነበር። ልጅ ያልወለደው አገር ወዳድ ስለ ነበረ ሳይሆን በቅሎ ስለ ነበረ ነው። በ1965 ዓ.ም. መስከረም ላይ እርጥብ ባቄላ ከማሳ ውስጥ ገብቶ በልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እዚያው ማሳው ላይ ወደቀ። በዚህ ውጊያ ከእኛ ወገን የሞተ ሌላ የለም፤ ባቄላው ግን ክፉኛ ተጎድቷል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ። የዚያኑ ዓመት ጥቅምት ላይ ተስፋሚካኤል፣ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበሩ፣ እግሩ ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ ቴፕ ተሸክመው ቤታችን መጡ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አያቴ ወለተ ሥላሴ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ተቀምጣለች፤ ዘጠናን አልፌአለሁ እያለች የምትኩራራ ሴት ነበረች፤ ትከሻዋ ላይ የማዘያ ገመድ የሠራው ሰርጓዳ እስከ ዕለተ ሞቷ አልሞላም። እንግዳው ወደ ዳገቱ አመልክተው እነዚያ ክምሮች ምንድን ናቸው ብለው ጠየቁ። እሷ ቀደመችኝ። «ማውረጃ ነው ልጄ፤ እኔ ራሴ ስንት ዘመቻ አውርጄበታለሁ» አለች። እሳቸውም በትሕትና ጎንበስ ብለው «እማማ፣ እኔ የምጠይቀው ስለ ጦር ነው» አሏትና፣ ባትሪው እንዳያልቅ ቴፑን ጠቅ አድርገው አጠፉት።

ያቺ ጠቅታ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። አያቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገች፣ ሰርጓዳው ላይ።

እኔ ያን ጊዜ ለቦራ ሐዘን ላይ ነበርኩ። አያቴን ዝም ሲያሰኟት ደግሞ ደሜ ፈላ። ነገር ግን እንግዳ ነው፣ አይሰደብም፤ በእኛ ቤት እንግዳ የፈለገውን ይቀርብለታል። የፈለገው ጦር ነበረና ጦር አቀረብኩለት። «ምሽግ ናቸው» አልኳቸው። ቴፑ ተከፈተ። «ማን አሠራቸው?» «ፊታውራሪ አባ ቦራ።» ትልልቆቹ ሰዎች በፈረስ ስማቸው ይጠሩ የለ? በበቅሎ ስም የሚጠራ አንድ ቢጨመር ምን ይጎዳል አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጠባዩ ሲጠይቁኝ አንድ ቃል አልዋሸሁም፤ ሹመቱንና ምሽጉን ብቻ ነው ከራሴ የጨመርኩት። ማታ እሳቸው ሲሄዱ እየሳቅኩ ለአያቴ ብነግራት እሷ አልሳቀችም። «እኔን የጠየቀኝ ቢመለስ እነግረው ነበር፤ አንተን የጠየቀህ ግን የፈለገውን አግኝቷልና አይመለስም» አለች። አልተመለሱም። ማንም አልተመለሰም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሊቅ እግር ወርዶ ሁለተኛ ሰው አልጠየቀም።

በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ ይባላል። ክቡርነትዎን ማስረጃዎ ማነው ሲሉዎት መምህሬ ዶክተር ናቸው አሉ። ዘመዳሞች ናችሁ።

አራተኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ እናንተን ስወቅስ ከእኔ ላይ ያለፍኩ እንዳይመስልብኝ። ለልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አሰበች። ማሰብ ስትጀምር ፊቷ እንዴት እንደ ተለወጠ ልጽፈው አልችልም። እኔ ከአሥራ አራቱ መረጃ ሰጪዎቿ አንዱ ነኝ። እሷን የጣላት ምሽግ የተገነባው በእኔ አፍ ነው፤ ያውም ለአንድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ። «አባባ፣ ለእኔስ ምን ምን ዋሽተውኛል?» አለችኝ። ከአንቺ ጋር ቀልጄ አላውቅም ልላት አልኩና፣ እሱም ውሸት እንደሚሆን አስቤ ተውኩት።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ወደ አሊዩ አምባ ወረደች፤ ወይዘሮ ሰሊሃ ዘንድ አድራ፣ የድሮ ጓደኛዬን ሀምዳንን፣ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ደግማ ጠይቃ፣ እኔ የነገርኳትን ሁሉ ከእነሱ ቃል ጋር አስተያይታ ተመለሰች። ከዚያ ወረቀቷን ዘርግታ ስሜን በማስመሪያ ሠረዘችው። «አባባ፣ እርስዎን ከዝርዝሩ አውጥቼዎታለሁ። የነገሩኝ ሁሉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ከእርስዎ ስለ ሰማሁት ልጽፈው አልችልም» አለችኝ። አሥራ ሦስት ቀሩ። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቦኛል፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ፍርድ ግን ተፈርዶብኝ አያውቅም።

ክቡር ሆይ፣ የታሪክ ምሁር ማለት ያቺ ናት። አያቷን ትወዳለች፤ ሠረዘችው። እናንተ መምህራችሁን ትወዳላችሁ፤ ደገማችሁት። በእናንተና በእሷ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ብቻ ነው፤ ቢሆንም ፈታኞቹ እናንተ፣ ተፈታኟ እሷ ሆናችሁ ተቀመጣችሁ።

አምስተኛ። በጽሑፍ የሰፈረ ማስረጃ ከሌላት አንቀበልም ስላላችሁ አመሰግናለሁ፤ ይህ ትእዛዝ ከእርጅናዬ አንቅቶኛል። ባለፈው ማክሰኞ ከዘራዬን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። ጸሐፊው ልጅ «ጉዳይዎ ምንድን ነው አባቴ?» አለኝ። «የፊታውራሪነት ጉዳይ ነው» አልኩት። «ለመሾም ነው?» «ለመሻር።» «ማን ነው የሚሻረው?» «በቅሎ።» ብዕሩን አስቀምጦ ወንበር ሳበልኝ፤ ከዚያ ሁሉንም ጻፈ። ቃሌን በሦስት ገጽ ሰጥቻለሁ፤ ማኅተም አርፎበታል።

ምስክር ያስፈልጋል ሲሉኝ ከአሊዩ አምባ ጓደኛዬን ሀምዳንን አስመጣሁ። ሀምዳን በወጣትነቱ በርበሬና ጥጥ ይነግድ ነበር፤ ቦራን በአካል ያውቀዋል፣ ቦራም እሱን ያውቀዋል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቅልጥሙ ላይ ያለውን ጠባሳ ለጸሐፊው አሳየና «ወላሂ፣ ፊታውራሪ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ሜዳልያ እጠይቅበት ነበር» አለ። ቀበሌው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ሳቀ። ያ ጠባሳም በምስክርነቱ ላይ ተመዝግቧል፤ ፊታውራሪ አባ ቦራ ካካሄዳቸው ውጊያዎች ሁሉ በአካል የተረጋገጠው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ አሁን ችግር ላይ ነዎት፤ እኔም ከልብ አዝንልዎታለሁ። ውሸታም ነው፣ ቃሉ አይታመንም ቢሉኝ፣ አባ ቦራ ከእኔ አፍ በቀር ሌላ አባት የለውምና ምዕራፍ አራት ይፈርሳል። እውነተኛ ነው፣ ይታመናል ቢሉኝ፣ አባ ቦራ በቅሎ መሆኑን በማኅተም መስክሬአለሁና ያው ምዕራፍ አራት ይፈርሳል። ከሁለቱ የሚሻልዎትን ይምረጡ፤ እኔ በሁለቱም እስማማለሁ።

የምለምነው ትንሽ ነው። የልጅ ልጄን ጽሑፍ አሥራ ሦስቱን ሰዎች ይዞ እንዳለ ይቀበሉት። ምሕረት አድርጉላት አላልኩም፤ ገጽ ሠላሳ አንድን ግለጡት ነው ያልኩት። እኔን የሚያስቀምጡበት ቦታ ከፈለጉ ግርጌ ማስታወሻ ላይ ያስቀምጡኝ፤ «በ1965 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለጨዋታ ብሎ የዋሸ፣ አሁንም በሕይወት ያለ» ብለው ይጻፉ፣ አልከስም። ወለተ ሥላሴ ግን ከግርጌው ወጥታ ወደ ላይኛው ገጽ ትምጣ። ሃምሳ ሁለት ዓመት ታች ተቀምጣለች፤ መሸከም የለመደች ብትሆንም ይበቃታል።

ሠናይት ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አጠገብ «ሁለተኛ ምንጭ?» ብላ ትጽፍብኝ ነበር። ደብረ ብርሃን አስተይቤው ለሕዝብ እንዲነበብ ሰጥቻለሁ፤ እንደ ሁሉም ሰው በስልኳ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ታናግረኝ አታናግረኝ የእሷ ፈንታ ነው። የእናንተ ፈንታ እስከ ሰኔ ሠላሳ ነው።

በመጨረሻም፣ በልጄ ላይ ላፈሰሳችሁት ቀይ ቀለም፣ በአያቴ ላይ ለጣላችሁት ዝምታ፣ በአባቴ በቅሎ ላይ ለደረባችሁት ካባ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕውቀታችሁ ይብዛ፤ ብዙ የሚሞላው ቦታ አለና። ወንበራችሁ አይናወጥ፤ ከሥሩ ያለው ባቄላ ገና እርጥብ ነው። ፈጣሪ ዕድሜ ሰጥቶ ልጄ ፈታኝ እስክትሆን ያቆያችሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ገብረአማኑኤል ወርቅአገኘሁ
የቀድሞው የታሪክ ምንጭ፣ አሁን የተሠረዘ
አንኮበር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ሰሊሃ፤ በልጆቻቸው በኩል ተነብቦ እንዲሰሙት
ለአቶ ሀምዳን፤ የዘመቻው ብቸኛ ቁስለኛ
ለሰባቱ ማውረጃዎች፤ በያሉበት

እንዳይረሳ፦ የፊታውራሪ አባ ቦራ ቃጭል ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። ለትምህርት ክፍልዎ ቤተ መዘክር በነጻ ልሰጥ ፈቅጃለሁ። ነገር ግን በአውቶቡስ ለመጣ ሰው አልሰጥም። አሊዩ አምባ ይውረዱ፤ ሀምዳን ግማሽ ኩንታል ማሽላ በጀርባዎ ያስርልዎታል፣ ገመዱን የወለተ ሥላሴን አውሰንዎታለሁ። ከዚያ ወደ እኔ ይውጡ። ቃጭሉን ከማስረከቤ በፊት አንዲት የቃል ፈተና እፈትንዎታለሁ፤ መንገድ ላይ ያሉት ድንጋዮች ምንድን ናቸው? ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጀርባዎ ይመልስልዎታል።